ስለ ኢዮብና ስለ ወዳጆቹ አተረጓጐም

መጽሐፈ ኢዮብን ለሕዝብ ከምንተረጕም መምህራን አንዳንዶቻችን የጻድቁን ትዕግሥት ከምዕራፍ 1 እና 2 ብቻ ወስደን ምዕራፍ 3ን እንዳላየ ሰው እናልፈዋለን። በዚያ ግን ኢዮብ የተወለደበትን ቀን ረግሟል። ይህን የሚሸሽግ ትርጓሜ ያዘነውን ሰው ዝም ያሰኘዋል እንጂ አያጽናናውም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በንፋስ ስልክ ላፍቶና በኮልፌ ቀራንዮ አዋሳኝ፥ ቆሼ በሚባለው ስፍራ፥ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ፤ ከ110 የሚበልጡ ነፍሳትም አለቁ። ያን ጊዜ “ምን በድለው ይሆን?” ሲባል ሰማሁ፤ የሚያሳፍረውም ከተናጋሪዎቹ መካከል ጥምጥም የጠመጠምን መኖራችን ነው። ጌታ ግን የሰሊሆም ግንብ የገደላቸው 18 ሰዎች (ሉቃ. 13፥4) ከሌላው ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስታውቋል፤ ንስሓውንም ያዘዘው ቆመው ለሚሰሙት ነው።

ኤልፋዝ፥ በልዳዶስና ሶፋር ከኢዮብ ጋራ 7 ቀን ዝም ብለው በምድር ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር፤ የሳቱት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው። ቃላቸው ለብቻው ቢመረመር ብዙው ከመጽሐፈ ምሳሌ ትምህርት አይርቅም። እንግዲያስ ስለ ምን ተነቀፉ? እነርሱ ስለ እግዚአብሔር ይከራከሩ ነበር፤ ኢዮብ ግን እያለቀሰም እየተሟገተም ፊቱን ወደ እርሱ አዙሮ ይናገር ነበር። እምነት ያልነውም ይኸው ነው። በምዕራፍ 42 ቅን ነገር ተናገረ የተባለው እርሱ ነው፤ ወዳጆቹም ይቅርታ ያገኙት በከሰሱት ሰው ጸሎት ነው።