ስምንት ወይስ አምስት? ስለ ሰዋስው ምርምርና ስለ ባየ ይማም መጽሐፍ

በተክለ ሃይማኖት ሰፈር አንድ ወጣት ለሁለተኛ ዲግሪ የሥነ ልሳን ንድፈ ሐሳብ እንደሚማር ቢናገር፣ ጐረቤቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ለመሆኑ ስንት ቋንቋ ታውቃለህ?» ብሎ ነው። ጥያቄው አያስቅም፤ ይህን ጥናት በአማርኛ የሚያስረዳ ጽሑፍ ጥቂት ነውና ሰውየው ሌላ ጥያቄ ከየት ያምጣ?

የጥናቱን ነገር ለመረዳት እዚያው ሰፈር ዳቦ መሸጫው ደጃፍ ጥቂት መቆም ይበቃል። ፊደል ያልቈጠረ ሕፃን «ዳቦ ገዛሁ» ይላል፤ ዳቦው የታወቀ ሲሆን ደግሞ «ዳቦውን ገዛሁ» ይላል እንጂ «ዳቦው ገዛሁ» አይልም። ሕጉን ማንም አላስተማረውም፤ ቢጠየቅም አያስረዳም። ተናጋሪው እንደሚያውቀው ሳያውቅ የሚሠራበትን እንዲህ ያለውን ሕግ ፈልጎ ማውጣት፣ ለምን እንዲህ ሆነ ብሎም መመርመር፣ አሜሪካዊው ኖአም ቾምስኪ በ1957 (እ.ኤ.አ.) ስለ ዐረፍተ ነገር አወቃቀር መጽሐፋቸውን ካሳተሙ ወዲህ የተስፋፋው ምርምር ዋና ሥራ ነው።

ምርምሩ ለአማርኛ ምን እንደ ጠቀመ የሚመሰክርልን ፕሮፌሰር ባየ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያሳተሙት «የአማርኛ ሰዋስው» ነው። ደራሲው በለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ያዘጋጁት በኦሮምኛ ሐረጎች አወቃቀር ላይ ነበርና፣ ሐረግን የመመርመር ልምዳቸው በዚህም መጽሐፍ ይታያል። ከእርሳቸው በፊት ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1935 ዓ.ም. ባሳተሙት ሰዋስው የቃል ክፍሎች ስምንት ነበሩ። ባየ ግን ስምን፣ ግስን፣ ቅጽልን፣ ተውሳከ ግስንና መስተዋድድን ብቻ አስቀሩ። በስምንቱ ያደገ ሰው ሦስቱ ወዴት ሄዱ ብሎ ቢቈጣ አይፈረድበትም።

ነገሩን ሲመረምሩት ግን ቍጣው ይበርዳል። «ልጁን አየሁት» በምንልበት ቦታ «እርሱን አየሁት» እንላለንና ተውላጠ ስም ከስም ጋር ቢያድር ቤቱ ነው። «እሰይ» ብቻውን ይቆማል እንጂ ከዐረፍተ ነገሩ አካል ጋር አይዋቀርም። መስተጻምርስ? «ከቤት» እና «ከመጣ»፣ «ስለ ልጁ» እና «ስለ መጣ» ስንል፣ ከስም ፊት የቆመው «ስለ» ከግስ ፊት ሲቆም ሌላ ቃል ሆነ ለማለት ምክንያቱ ምንድን ነው? በቆየው አከፋፈል ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጣሉ፣ በእኔ ግምት የአዲሱ ትምህርት ትልቁ ውለታ ነው።

አንድ የማልረካበት ነገር ግን አለ። «ከ» እና «ስለ» ተከታያቸውን ቃል ለሌላ ቃል ያስገዛሉ፤ «እና»ና «ወይም» ግን እኩዮችን ጐን ለጐን ያቆማሉ። በ«አባትና ልጅ» ውስጥ ገዢም ተገዢም የለም። ሁሉንም መስተዋድድ በሚል አንድ ጣራ ሥር ማሳደር ይጠብባል።

መጽሐፉም ለመምህር እንኳ ቀላል ንባብ አይደለም፤ «ምዕላድ»ን የመሰለ ቃል ተላምዶ እስኪያልፉ ድረስ ትዕግሥት ያሻል። ደራሲው በኋላ «አጭርና ቀላል የአማርኛ ሰዋስው» የተባለውን ማውጣታቸው ይህን ሳይገነዘቡት እንዳልቀሩ ያመለክታል። የሚያሳዝነው ግን ተማሪው አምስቱን ዛሬ በቃሉ የሚወጣው አባቱ ስምንቱን እንዳነበነበ አድርጎ ሲሆን ነው፤ ቍጥሩ ደረሰው፤ ምክንያቱ አልደረሰውም።

ምክንያቱን የሚያብራሩት የድኅረ ምረቃ ጽሑፎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ፤ ግን ባብዛኛው የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ስለ «እና» ተማሪው የጠየቀው የተክለ ሃይማኖት መምህር፣ ስለ ገዛ ቋንቋው ለመረዳት ስድስት ኪሎ ወጥቶ የባዕድ ቋንቋ ጥራዝ መግለጥ ግድ ይሆንበታል።