የታጠፈ ወረቀት ማስረጃ ይሆናልን?

ሕንዳዊው ሱንደራ ራው በ1893 እ.ኤ.አ. በማድራስ ያሳተሙት መጽሐፍ ጂኦሜትሪን በወረቀት እጥፋት ያስተምራል። ዘዴውን እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ወሰኑን መለየት ይገባል። አንዱን ነጥብ በሌላው ላይ አድርገን ብናጥፍ፥ በእጥፋቱ መስመር ላይ ያለ ነጥብ ሁሉ ከሁለቱ እኩል ይርቃል፤ ሁለቱ ርቀቶች በትክክል ይደራረባሉና። ይህ ምክንያት ያለው ማስረጃ ነው። የአንድ ሦስት ማዕዘን ጫፎችን ቀድዶ፥ ጎን ለጎን ገጥሞ 180 ዲግሪ ማሳየት ግን ለዚያች ወረቀት ብቻ ይመሰክራል፤ ለሌሎቹ የትይዩ መስመሮች ሕግ ያስፈልጋል። መምህሩ ይህን ካላስረዳ፥ ተማሪው ማየትን እንደ ማወቅ ይቈጥረዋል። ራውም የኪዩብን ይዘት እጥፍ የሚያደርገውን ጎን በእጥፋት ማግኘት የማይቻል አስመስለው ነበር፤ ኢጣሊያዊቷ ማርጌሪታ ቤሎክ ግን በ1936 እ.ኤ.አ. ሁለት ነጥቦችን በአንድ እጥፋት በሁለት መስመሮች ላይ በማሳረፍ እንደሚቻል አስረዱ። እንግዲህ ካጠፍን በኋላ «ለምን?» ብለን እንጠይቅ።