የታየበት ሌላ፣ የገባበት ሌላ

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1968 ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን የተባለ እንግሊዛዊ መርከበኛ ብቻውን፣ የትም ወደብ ሳያርፍ፣ ዓለምን በሸራ ጀልባ ሊዞር ከፋልማውዝ ተነሣ። ጀልባዋ ሱሃይሊ ትባላለች፤ ቦምቤይ ውስጥ ከቲክ እንጨት የተሠራች፣ ርዝመቷ 10 ሜትር እንኳ የማይሞላ። ገና አትላንቲክን ወደ ደቡብ ሲወርድ ከወለሉ ሥር ያለው ውሃ ቢያስወጣው ቢያስወጣው ይመለስበት ጀመር። ከውስጥ ሆኖ እርጥብ ያየውን ሁሉ መለቅለቅ ይችል ነበር። አላደረገውም። መነጽር አድርጎ ባሕር ውስጥ ገባና በጀልባዋ ሆድ ሥር እየዋኘ ተመለከተ። ከታችኛው አከርካሪዋ ከፍ ብሎ፣ በምሰሶው አካባቢ፣ በግራም በቀኝም የሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ተከፍቶ አገኘው።

እንደ ወጉ ጥጥ በመዶሻ ሊጠቀጥቅበት ሞከረ፤ ትንፋሹ አልበቃ አለው። ወጣና ጥጡን ቀጭን የሸራ ቁራጭ ላይ ሰፋው፣ ሬንጅ ቀባው፣ ተመልሶ ገብቶ በመዳብ ምስማር መጋጠሚያው ላይ መታው። በላዩም የመዳብ ንጣፍ ደረበበት። በሥራው መሃል ሻርክ መጥቶ ሲዞረው ጀልባዋ ላይ ወጥቶ በጠመንጃ ገደለውና ወደ ሥራው ተመለሰ። በሚያዝያ 1969 ፋልማውዝ ሲደርስ 312 ቀናት በባሕር ላይ አሳልፎ ነበር።

ሰዎች ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሱት ሻርኩን ነው። የጀልባ ፍሳሽ ለሚያስጠግን ሰው ግን ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፦ ኖክስ-ጆንስተን መዶሻ ያነሣው ውሃው የሚገባበትን በዓይኑ ካየ በኋላ ነው። ጎበዝ ባለሙያን ከለቅላቂ ለመለየት ከዚህ የተሻለ መመዘኛ የለም። ማሸጊያውን ከሣጥኑ የሚያወጣው መቼ እንደሆነ ማየት ይበቃል።

በዛሬዎቹ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ላይ ነገሩ በዝምታ ይጀምራል። አንድ ጠዋት የመኝታው ስፖንጅ ጥጉ ረጥቦ ይገኛል። ወይም ካቢኑ ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል፤ ወይም ከመስኮቱ ሥር እንጨቱ ላይ ቡና የደፉበት የሚመስል እድፍ ይወርዳል። ባለቤቱ መስኮቱን ይጠረጥራል፣ ሲሊኮን ገዝቶ ዙሪያውን ይቀባል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ስፖንጁ ይረጥባል። እንደገና ይቀባል። ቆይቶ ሲታይ መስኮቱ በሦስት ዓይነት ማሸጊያ ተለብጧል፤ ውሃው ግን መንገዱን አልለቀቀም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

መስኮቱ ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። በብዙ ጀልባዎች ላይ ከውጭ የሚታየው ጣሪያና ከውስጥ የሚታየው ኮርኒስ የተለያዩ ናቸው፤ በመካከላቸው ክፍት ቦታ አለ። ጣሪያው ላይ የእጅ መያዣውን ያሰረው ብሎን ማሸጊያው ደርቆ ሲሰነጠቅ፣ ዝናቡ የብሎኑን ጥርስ ተከትሎ እየተጠማዘዘ ይወርድና ኮርኒሱ ጀርባ ላይ ያርፋል። ከዚያ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይንሸራተታል። የኤሌክትሪክ ገመድ ካገኘ ገመዱን ይዞ ይሄዳል። በመጨረሻ የመስኮቱ ፍሬም ጋ መውጫ ያገኛል። ከገባበት እስከ ታየበት ሁለት ሦስት ሜትር ቢሆን አይገርምም። ሽቅብም ይሄዳል፤ ሁለት ገጾች በ0.1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲገጥሙ ውሃ በመካከላቸው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊወጣ ይችላል። ከእድፉ በላይ ብቻ የሚፈልግ ሰው አንዱን መንገድ ጭራሽ ረስቶታል።

ጎበዙ ባለሙያ መሣሪያውን ሳይከፍት ይጠይቃል። ውሃው የሚመጣው ሲዘንብ ነው ወይስ ስትጓዙ? ስትጓዙ ከሆነ ጀልባው ወደ የትኛው ጎን ሲያጋድል? ቆሞ ሲውልስ ገብቶ ያውቃል? እያንዳንዱ መልስ ግማሽ ጀልባ ይቀንስለታል። በዝናብ ብቻ የሚመጣ ከላይ ነው። ሲያጋድል ብቻ የሚመጣ ከሆነ፣ የጀልባው ገላና ዴክ የሚባለው የላይኛው ወለል የሚገጥሙበት መስመር ይጠረጠራል፤ ያ መስመር ባሕር የሚነካው ያኔ ነውና። ምሰሶው ዴኩን በስቶ እስከ ታች የሚወርድበት ጀልባ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ዝናቡ ገመዶች በሚወጡባቸው ቀዳዳዎች ምሰሶው ሆድ ውስጥ ገብቶ ቀጥታ ወደ ካቢኑ ወለል ይወርዳል። ዴኩ ላይ የፈለገውን ያህል ማሸጊያ ቢፈስ ይህን አይነካውም።

ቀጥሎ ጣቱን ነክሮ ይቀምሳል። ይህን ሲያደርግ የሚስቅ ሰው ካለ የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው እንደያዘ ይወቅ፤ ምላስ ይህን ወዲያው ትለየዋለች። ጨው ካለው ከባሕር ነው፤ ከሌለው ከዝናብ፣ ከመጠጥ ውሃው ጋን ወይም ከላበት ነው። ጠንቃቃው ሰው ግን በአንድ ቅምሻ አይፈርድም። ዴኩ ላይ የደረቀ የቆየ ጨው በዝናብ ታጥቦ አብሮ ሊወርድ ይችላላ! ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት በሚመላለሱት የጣና ሞተር ጀልባዎች ላይ ደግሞ ሐይቁም ዝናቡም ጨው ስለሌለው ምላስ አትረዳም። እንዲህ ባለ ቦታ የሚጠረጠረው ዕቃ ውስጥ ጥቂት የምግብ ቀለም መጨመርና የትኛው ጥግ እንደሚቀላ መጠበቅ ያዋጣል።

ጆሮም ሥራ አለው። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ሳለ የመጠጥ ውሃው ፓምፕ በየመሃሉ ለሁለት ሰከንድ ብቻ እየተነሣ ከቆመ፣ ከግፊቱ የሚያመልጥ ውሃ ሊኖር ይችላል፤ ፍለጋው ከዴኩ ሳይሆን ከቧንቧው ይጀምራል። ሁሉም ጠብታ ጥፋት አይደለም። የሞተሩን ኃይል ወደ ማሽከርከሪያው የሚያደርሰው ዘንግ ገላውን በስቶ በሚወጣበት ቦታ፣ በድሮው አሠራር፣ በቅባት የተነከረ ገመድ ይጠቀጠቅበታል። ሞተሩ ሲሠራ በደቂቃ ጥቂት ጠብታ እንዲያንጠባጥብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ዘንጉ የሚቀዘቅዘው በዚያ ነው። ይህን አጥብቆ ጭጭ የሚያደርግ ጠጋኝ ዘንጉን ያቃጥለዋል። ከዚያ ካለፈ ግን መጠኑ ቀላል አይደለም። በሰከንድ አንዲት ጠብታ ማለት በቀን ከ4 ሊትር በላይ ነው።

አንዳንዴ ፍሳሹ የለም። 1 ኪሎ ቡታጋዝ ሲቃጠል 1.5 ኪሎ ያህል እንፋሎት ይወጣዋል። ይህ በሌሊት የሰዎች ትንፋሽ ተጨምሮበት የቀዘቀዘ ገላና የመስኮት ብረት ላይ ሲያርፍ ላበት ሆኖ ይንጠባጠባል። ጀልባውን አይቶ፣ ምሽት ምን እንደሚበሰልና አየር ማስገቢያው ክፍት መሆኑን ጠይቆ፣ «የሚጠገን የለም፤ ከስፖንጁ ሥር አየር የሚያሳልፍ ርብራብ አድርጉበት» ብሎ የሚሄድ ባለሙያ ክብር ይገባዋል። ብዙ ብር ሊያስከፍል ይችል የነበረ ሰው ነው።

ዋናው ፈተና ውሃውን ዳግመኛ ማምጣት ነው። ሥራው ከቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። ኮርኒሱ ይወርዳል፤ ውስጡ በጨርቅ ይጠረጋል፣ ሌሊቱን በማራገቢያ ይደርቃል። ጠዋት በየብሎኑ ሥር አንድ አንድ ቁራጭ ሶፍት በፕላስተር ይለጠፋል፤ መጋጠሚያው ላይ የተፈጨ ጠመኔ ይነሰነሳል፣ የረጠበ ጠመኔ መስመር ሠርቶ ያሳብቃልና። አንዱ ውጭ የጎማ ቱቦ ይዞ፣ አንዱ ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዞ ይቀመጣል። ውሃው የሚለቀቀው ከዝቅተኛው ቦታ ተጀምሮ ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ በዝግታ፣ ያለ ግፊት፣ ለአሥር ደቂቃ ወይም ለሩብ ሰዓት። ዝም። ከዚያ ወደ ላይ አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይላል። ከላይ የጀመረ ሰው ውሃው ሁሉንም ስለሚያረጥብበት ምንም አይማርም፤ በግፊት የረጨም በዝናብ የማይገባበትን ሁሉ አስገብቶ ራሱን ያሳስታል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቦታ ከውስጥ ያለው ሰው «ቆይ!» ይላል። ከሶፍቶቹ አንዱ መሃሉ ላይ አተር የምታህል ግራጫ ነጥብ ይዟል። ነጥቧ ትሰፋለች። ብሎኑ ተገኘ።

ጎበዝ ግን እዚያም አይቆምም፤ ሁለተኛ ፍሳሽ መኖሩን ለማወቅ የተረፈውንም ይሞክራል። ጊዜ ወይም ውሃ ካጠረ ሌላ ዘዴ አለ። ካቢኑን ዘግቶ፣ የአየር ማስገቢያዎቹን በፕላስተር ሸፍኖ፣ በአንድ መግቢያ አየር በማሽን ይነፋና ከውጭ የሳሙና ውሃ በየመጋጠሚያው ይቀባል። አየሩ በሚያመልጥበት አረፋ ይነሣል። አየር መውጣቱ ውሃ በዚያው እንደሚገባ የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም፤ ግን ጠባብ ዝርዝር ይሰጣል።

ቀዳዳውን ማግኘትና ምክንያቱን ማግኘትም ይለያያሉ። በዴኩ ዳር የቆሙት የአጥር ብረቶች ሰው ሲሳፈር ይጎተታሉ፤ በእያንዳንዱ መጎተት እግራቸው ሥር ያለው ማሸጊያ ይላላል። ከሥሩ የብረት ሰሌዳ ደግፎ ኃይሉን ሳይበትን ማሸጊያውን ብቻ ያደሰ ሠራተኛ በዓመቱ ይጠራል። ውሃን የሚያስገባው እንቅስቃሴ መሆኑን በትልቁ ያሳየችው ኖርዌጂያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል ከጣና በመጣ ደንገል ያሠራት ራ የተባለችው ጀልባ ናት። እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሥታ አትላንቲክን ስታቋርጥ የኋላ ጫፏ እየሰመጠ ሞገዱ ይገባባት ጀመር፤ በመጨረሻም ሰዎቿ ትተዋት ወጡ። ጥፋቱ ደንገሉ ላይ አልነበረም። በጥንቶቹ ግብፆች አሠራር የኋላውን ጫፍ እንደ ስፕሪንግ ከፍ አድርጎ የሚይዝ ውጥር ገመድ ነበረ፤ እሱ ተትቷል። ሁለተኛዋ ራ በቀጣዩ ዓመት በ57 ቀናት ባርባዶስ ገባች።

ጥገናውን ለመመዘን እጅን ማየት ይበቃል። ዕቃውን ሳያነሣ ዙሪያውን የሚቀባ ሠራተኛ ሥራ አልጀመረም። ዕቃው ይነሣል፣ የድሮው ማሸጊያ እስከ መጨረሻው ይፋቃል። በተለይ ሲሊኮን ከነበረ በጣም ይፋቃል፤ ትቶት የሚሄደው ስስ ቅባት ላይ ሌላ ማሸጊያ አይዝም። የብሎኑ ቀዳዳ አፉ በትራፓኖ ትንሽ ይሰፋል፣ ማሸጊያው እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ተኝቶ በብሎኑ ዙሪያ ቀለበት እንዲሠራ። ብዙዎች ለዚህ የሚመርጡት እንደ ማስቲካ የሚለጠጠውን የቡታይል ጎማ ነው፤ አይደርቅም፣ ሲፈለግም ይነሣል። ሲጠበቅ ደግሞ ከላይ ያለው ብሎን በካቻቢቴ ተይዞ ዝም ይላል፤ የሚዞረው ከታች ያለው ዳዶ ነው። ብሎኑ ከዞረ አሁን የተሠራው ቀለበት ይቀደዳል። ይህችን አንዲት ነገር ሳይነገረው የሚያደርግ ሰው ሌላውንም ያውቃል።

ከዴኩ ቆዳ ሥር ብዙ ጊዜ ባልሳ የሚባል ቀላል እንጨት አለ። ውሃው እዚያ ከደረሰ ይበሰብሳል። ባለሙያው በካቻቢቴው እጀታ ዴኩን እያንኳኳ ይሄዳል፤ ደህናው ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ደፍ ደፍ ይላል። ድንበሩን በጠመኔ ያሰምራል። ጥሩ ሠራተኛ ቀዳዳውን አስፍቶ የረጠበውን ጠርጎ፣ አድርቆ፣ በኤፖክሲ ይሞላና መሃሉን እንደገና ይበሳል፤ ከዚያ በኋላ ማሸጊያው ቢያረጅ እንኳ ውሃው እንጨቱን አያገኘውም። ምሰሶውን የሚወጥሩት ገመዶች የሚታሰሩባቸው የስቴይንለስ ብረቶች ጋ ፍሳሽ ከተገኘ ደግሞ ብረቱ ራሱ ወጥቶ ይታያል። ስቴይንለስ አየር በማያገኝበት ጠባብና እርጥብ ቦታ በድብቅ ይበላል፤ እዚያ የሚሰነጠቅ ብረት ምሰሶ ይጥላል። «አሽገነዋል» ብሎ ብረቱን ሳያወጣ ለሚሄድ ሰው መክፈል አያስፈልግም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ኮርኒሱ ወዲያው አይመለስም። ባለቤቱ ባለበት ቱቦው እንደገና ይዘረጋል፤ ያው ቦታ፣ ያው ዝግታ፣ ጊዜው ግን ከመጀመሪያው እጥፍ። ከዚያም ሶፍቶቹ እንደተለጠፉ ጀልባው ለአንድ ጉዞ ይወጣል፤ ቆሞ የማያፈስ ብሎን ሞገድ ላይ ሲጣመም ሊያፈስ ይችላልና። የወጡት አሮጌ ብሎኖች በላስቲክ ታስረው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ጥርሱ መሃል ላይ ቀጥኖ ዝጓል። አጠገባቸው የትኛው ከየት እንደወጣ የሚያሳይ በእርሳስ የተሣለ የጣሪያው ንድፍ አለ። ጀልባው ሲመለስ ባለሙያው በእጅ ባትሪው እያበራ ሶፍቶቹን አንድ በአንድ ያነሣና በጣቶቹ መካከል ያሻቸዋል። ደረቅ ወረቀት ይንኮሻኮሻል።