የካርልግሬን ነዛሪ እግዶችና የዘዬዎች ምስክርነት

ስዊድናዊው ሊቅ በርንሃርድ ካርልግሬን እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1926 በተከታታይ ያሳተመው የቻይንኛ ሥነ ድምፅ ጥናት ለመስኩ መሠረት መሆኑ አያከራክርም። ቻው ዩዌን ሬን፣ ሉዎ ቻንግፔይና ሊ ፋንግኩዌይ እያረሙ ወደ ቻይንኛ ተርጉመው በ1940 ማቅረባቸው ለክብሩ በቂ ምስክር ነው። ስለ እግድ ተነባቢዎች የሚለው ግን ከዘዬዎቹ ምስክርነት ጋር አይገጥምም።

በ601 የተጠናቀረው «ቺዬዩን» የተባለው የቤት መምቻ መዝገበ ቃላት ሦስት ዓይነት እግዶችን ይለያል፤ ተራ ኢነዛሪ፣ እስትንፋስ የሚከተለው ኢነዛሪና ነዛሪ። እንደ ሱጆ ያሉት የዉ ዘዬዎች ይህን ልዩነት እስከ ዛሬ ጠብቀዋል። ሌሎቹ ንዝረቱን ቢያጡም ያጡበት መንገድ አንድ አይደለም። «ኮክ» እና «መንገድ» ማለት የሆኑት ሁለት ቃላት ጥንት በ«ድ» ይጀምሩ ነበር። በቤይጂንግ ደልዳላ ቃና ያለው «ኮክ» እስትንፋስ ሲያገኝ፣ ሌላ ቃና ያለው «መንገድ» ያለ እስትንፋስ ቀረ። በሃካ ሁለቱም እስትንፋስ አላቸው። ካርልግሬን ጥንታዊው ነዛሪ ራሱ እስትንፋስ ነበረው ይላል። ይህ ለሃካ ይመቻል፤ ለቤይጂንጉ «መንገድ» ግን እስትንፋሱ ወዴት እንደ ሄደ ማስረዳት ግድ ይላል። ሊ ሮንግ ከሳንስክሪት ፊደላት የቻይንኛ ግልባጮች ተነሥቶ ነዛሪዎቹ እስትንፋስ አልነበራቸውም ማለቱ ይበልጥ ያሳምናል።

ከሁሉ የሚከብደው የሚን ዘዬዎች ነገር ነው። በ«ቺዬዩን» «ስኳር» እና «አዳራሽ» የሚሉት ቃላት አነባበባቸው አንድ ነው፤ በቤይጂንግም እንዲሁ። በሺያመን ግን የመጀመሪያው እስትንፋስ አለው፤ ሁለተኛው የለውም። አንድ የነበረ ድምፅ ያለ አንዳች ምክንያት ለሁለት አይከፈልም፤ ስለዚህ ልዩነቱ ከመዝገበ ቃላቱ ይቀድማል። ጄሪ ኖርማን በ1974 ለጥንተ ሚን ከአንድ በላይ የነዛሪ ረድፎች ያቆመው ስለዚህ ነው። ካርልግሬንም በ1954 ሚንን ከ«ቺዬዩን» ልጆች ለይቶ አስቀርቷል፤ ምክንያቱን ግን ወደ ተነባቢዎቹ መልሶ አልመረመረም።

ተርጓሚዎቻችን እስትንፋስ ያለውን የቻይንኛ «ት» በ«ጥ» እንዳይጽፉ አሳስባለሁ። የእኛ «ጥ» ጉሮሮ ተዘግቶ የሚፈነዳ ፈንጂ ነው፤ የቻይንኛው ጉሮሮ ተከፍቶ የሳንባ አየር የሚከተለው ነው። ስሙንም «እስትንፋሳዊ» ብንለው ከ«ፈንጂ» ጋር አይምታታም። የላዎ ዙ ትምህርት «ታኦ» ተብሎ ሲጻፍ የሚነበበው «መንገድ» ሳይሆን ወደ «ኮክ» የቀረበ ነው፤ በላቲን ፊደል የመጣው የቆየ አጻጻፍ እስትንፋስን በጭረት ብቻ ይለይ ነበርና፣ ጭረቷ ስትጣል ሁለቱ ቃላት ተቀላቀሉ።