የ«ንብ» የጦርነት ዘመን ማስታወሻና የሊትዌኒያ ብሔራዊ ስሜት

የሊትዌኒያ ደራሲት ወይዘሪት ጋብሪየለ ፔትኬቪቻይተ (1861–1943 እ.ኤ.አ.) በብዕር ስማቸው «ቢተ» ይባላሉ፤ ትርጓሜውም «ንብ» ማለት ነው። በ1914 ታላቁ ጦርነት ሲነሣ፣ በፓነቬዢስ አጠገብ ባለችው በፑዚኒሽኪስ ርስታቸው ሆነው የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ጀመር። ጽሑፉም ከ1925 እስከ 1931 በየክፍሉ ታትሞ ወጣ። አንባቢው ይህን መጽሐፍ የብሔራዊ ስሜት ምስክር አድርጎ ለመቀበል ይቸኩላል። የሕዝብን ባሕል ለሚመረምር ሰው ግን አንድ ጥያቄ ይቀድማል፤ ይኸውም በመጽሐፉ ውስጥ የሚናገረው ባላገሩ ነውን ወይስ ስለ ባላገሩ የሚያስቡት ምሁርት ናቸው? የሚል ነው።

የሩሲያ መንግሥት ከ1864 እስከ 1904 ድረስ የሊትዌኒያ ቋንቋ በላቲን ፊደል እንዳይታተም ከልክሎ ነበር። መጻሕፍቱ በምሥራቅ ፕሩሲያ እየታተሙ በድብቅ ድንበር ይሻገሩ ስለ ነበር፣ ማንበብ ራሱ የአርበኝነት ሥራ ሆነ። ደራሲቱ የተወለዱበት የባለርስቶች ወገን በቤቱ የፖሎኝን ቋንቋ መናገር የለመደ ነበረ። ስለዚህ በባላገሩ ቋንቋ መጻፋቸው የብዕር ምርጫ ብቻ ሳይሆን ወገንን መለየት ነበር። በ1893 ድሆች ተማሪዎችን የሚረዳ «ትንሿ ብርሃን» የተባለ ማኅበር ማቋቋማቸውም ከዚሁ ሐሳብ የመነጨ ነው።

የማስታወሻው ብርታት ከቅርበቱ የመጣ ነው። ደራሲቱ የሐኪም ልጅ ሲሆኑ ራሳቸውም የአካባቢውን ሕመምተኞች ይረዱ ነበር፤ ሕመሙን ይዞ የሚመጣ ሰውም ወሬውን ይዞ ይመጣል። የሩሲያ ሠራዊት ማፈግፈግ፣ የስደተኞች መንከራተት፣ ከ1915 ጀምሮም የጀርመን ጦር አስተዳደር እህልና ከብት መውሰዱ በታላላቅ የታሪክ መጻሕፍት በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፍ ነው። በዕለት ማስታወሻ ግን እያንዳንዱ ቀን ለብቻው ይመዘናል።

ጉድለቱም ከዚያው ቅርበት አይርቅም። ባላገሩ ወደ ርስቱ ቤት የሚመጣው ርዳታ ፈላጊ ሆኖ ነው፤ ለደግ እመቤት የሚነገረው ቃልም በገዛ ምድጃ ዙሪያ ከሚነገረው ጋር ሁልጊዜ አንድ አይሆንም። ከዚህም በላይ አገሩ የአንድ ሕዝብ ብቻ አልነበረም። የሩሲያ ጦር በግንቦት 1915 የካውናስን ግዛት አይሁድ ከቤታቸው እንዲወጡ አዝዟል፤ የእነርሱና የፖሎኞች ምስክርነት ከዚህ መጽሐፍ ጎን ካልቆመ የአገሩ መልክ ጎዶሎ ይሆናል።

ሁለተኛው አደጋ ግን ከአንባቢው የሚመጣ ነው። ሊትዌኒያ የካቲት 16 ቀን 1918 ነፃነቷን ዐወጀች፤ ግንቦት 15 ቀን 1920 ደግሞ የሕገ መንግሥት ጉባኤውን በዕድሜ አንጋፋነታቸው የከፈቱት እኚሁ ደራሲት ናቸው። ይህን የሚያውቅ ሰው በእያንዳንዱ ገጽ ወደ ነፃነት የሚወስድ ቀና መንገድ ይታየዋል። ነገር ግን በ1915 ብዕር የጨበጠ ሰው የነገውን አያውቅም ነበር።

የማስታወሻው እውነተኛ ዋጋም እዚህ ላይ ነው። ብሔርተኝነት ሕዝብን አስቀድሞ የተዘጋጀ፣ የሚቀሰቅሰውን ብቻ የሚጠብቅ አድርጎ ይሥለዋል። ይህ መጽሐፍ በጥንቃቄ ሲነበብ ግን ሕዝብ በችግር መካከል፣ በቋንቋ፣ በትምህርትና በሕክምና፣ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት የሚሠራ ነገር መሆኑን ያስረዳል። ማርም ቢሆን በአንድ ቀን አይሞላም።