እውነተኛነት ከፋይሉ ይጀምራል

ለታሪካዊ ስትራቴጂ ጌም ተከታይ ሲታሰብ ሁለት ምኞቶች ተለያይተው ይቀርባሉ፦ አንዱ ጌሙ ለታሪክ እንዲቀርብ፣ ሌላው ተጫዋቾች በቀላሉ ሞድ፣ ማለትም የራሳቸውን ማሻሻያ፣ እንዲሠሩበት። ወደ ሞድ ሥራ አዲስ የገባ ሰውም «ከሁለቱ የትኛው ይቅደም?» ማለቱ አይቀርም። ጥያቄው ግን ከመነሻው የማይሆን ነው። ታሪክን አሟልቶ የሚሠራ ድርጅት የለም። ስለዚህ ትልቁ ጉዳይ ጌሙ ስንት ስህተት አለበት የሚለው ሳይሆን ስህተቱ የሰው እጅ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል ወይ የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የክሪኤቲቭ አሴምብሊ «ሜዲቫል 2፦ ቶታል ዋር» ለዚህ ዋና ማሳያ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ዘመቻው ከ1080 እስከ 1530 ያለውን 450 ዓመት በ225 ዙር ይጨርሳል፤ አንዱ ዙር ሁለት ዓመት ነው። ይህ ቁጥር በተራ የጽሑፍ ፋይል ስለተቀመጠ ማንም በኖትፓድ ከፍቶ ይቀይረዋል። የሰው ዕድሜ ግን ኢንጂኑ ውስጥ ተቆልፏል፦ ንጉሡም የጦር አዛዡም በየዙሩ የሚያረጁት ግማሽ ዓመት ብቻ ነው። በ1080 በ20 ዓመቱ የነገሠ ሰው 60 የሚሞላው ከ80 ዙር በኋላ፣ ማለትም በ1240 ነው። በ1099 የመስቀል ጦረኞች ኢየሩሳሌምን ሲይዙም፣ በ1187 ሳላሃዲን ሲያስለቅቃትም ዙፋኑ ላይ ያው ሰው ተቀምጧል። የዙሩን ርዝመት ወደ ግማሽ ዓመት ማውረድ ዕድሜንና ዘመንን ያስታርቃል፤ ዘመቻው ግን 900 ዙር ይሆንና የሚጨርሰው አይገኝም። እርጅና ከዘመን ቁጥሩ ጎን አንድ መስመር ተሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ነገሩ በደቂቃ ያልቅ ነበር። ተከታዩ ጌም ጊዜን የሚነካ ነገር ሁሉ፣ እርጅናን፣ ልደትን፣ ግንባታን፣ ወረርሽኝን፣ በአንድ ፋይል ጎን ለጎን ሊያስቀምጥ ይገባል።

ለዚህ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «የተቆለፈውን በስክሪፕት ማለፍ ይቻላል» የሚል ነው። በ2004 በወጣው «ሮም፦ ቶታል ዋር» ላይ የተሠራው «ዩሮፓ ባርባሮረም» ይህን መንገድ ሞክሯል። ጌሙ በዓመት ሁለት ዙር ብቻ ሲያውቅ፣ ሞዱ በስክሪፕት አራቱንም ወቅቶች አስገባ። ነገር ግን ተጫዋቹ ያስቀመጠውን ጨዋታ በከፈተ ቁጥር ስክሪፕቱን በእጁ ማስነሳት ነበረበት፤ ከረሳው ዘመን ይዛባል። ስክሪፕት አዲስ ሥርዓት ለመጨመር ይጠቅማል። በ«ሮም 2» ላይ የተሠራው «ዲቪዴ ኤት ኢምፔራ» ስንቅንና የሕዝብ ብዛትን ያስገባው በዚሁ ነው። የተቆለፈን ቁጥር ለማለፍ ሲውል ግን መፍትሔ መሆኑ ቀርቶ ተጨማሪ ጣጣ ይሆናል።

የካርታው ጉዳይ አጭር ነው። በ«ሜዲቫል 2» እያንዳንዱ አውራጃ በአንድ ሥዕል ላይ የራሱ ቀለም አለው፤ ጥቁር ነጥብ ከተማ፣ ነጭ ነጥብ ወደብ ነው። ይህን ያህል ቀላል በመሆኑ የ«ተርድ ኤጅ» ሞድ ሠሪዎች የቶልኪንን ልብ ወለድ ዓለም ሥለውበታል። ችግሩ ጣሪያው ነው፦ ወደ 200 አውራጃ፣ 31 ኃይል፣ 500 የጦር ዓይነት። የ«ዩሮፓ ባርባሮረም 2» የመጀመሪያ እትም በ2014፣ «ሮም 2» በወጣ በዓመቱ፣ በዚሁ በ2006 ኢንጂን ላይ ተሠርቶ መውጣቱ ሞድ ሠሪዎች ከአዲስ ሥዕል ይልቅ ክፍት ፋይልን እንደሚመርጡ ያሳያል።

የአንድ ጌም ክፍትነት በደንብ የሚፈተነው አምራቹ ያላሰበውን አገር ለመጨመር ሲሞከር ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ከዛግዌ እስከ ልብነ ድንግል ያለው ታሪክ በአመዛኙ በ1080 እና በ1530 መካከል ይወድቃል፤ ሆኖም የጌሙ ሕግ አይቀበለውም። መጀመሪያ ገንዘቡ አለ። በ«ሜዲቫል 2» ጦር ሁሉ በፍሎሪን ይከፈለዋል፤ ፍሎሪን ግን ፍሎረንስ ውስጥ የተመታው በ1252 ነው፤ ለአውሮፓውም ቢሆን 172 ዓመት ቀድሞ መጥቷል። በደጋው ደግሞ ከአክሱም በኋላ ነገሥታቱ ሳንቲም አልመቱም፤ አሞሌ ጨው ለመገበያያ ይውል ነበር፤ የጨዋ ሠራዊትም በየአውራጃው ሰፍሮ ከመሬቱና ከገበሬው ይቀለብ ነበር። ስለዚህ የጦር ወጪ ከአንድ ግምጃ ቤት ብቻ የሚወጣ መሆኑ ቀርቶ፣ በፋይል ከሚመረጥ ምንጭ፣ ማለትም ከእህል፣ ከመሬት ወይም ከገንዘብ፣ መቆረጥ አለበት።

ሁለተኛው መናገሻው ነው። ጌሙ ለእያንዳንዱ መንግሥት አንድ ዋና ከተማ ይሰጥና ከዚያ የራቀው አውራጃ ለዐመፅ የቀረበ እንዲሆን ያደርጋል። የሰሎሞናዊው ዘመን ነገሥታት ግን አብዛኛውን ጊዜ የኖሩት ከቦታ ቦታ በሚዘዋወር ድንኳን ነው፤ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ረዘም ላለ ጊዜ መቀመጡ ከልማዱ ወጣ ያለ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ያየው የልብነ ድንግል ቤተ መንግሥትም ተጓዥ ሰፈር ነበር። እዚህ ላይ ርቀቱ መለካት ያለበት ከከተማ ሳይሆን ንጉሡ ካለበት ነው። ለአምራቹ ይህ አንድ ተጨማሪ ምርጫ ነው፤ ለሞድ ሠሪው ግን አንድን አገር በመሥራትና ባለመሥራት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሁሉም ነገር ከተከፈተ ጌሙ ይበላሻል የሚል ስጋት አለ። ስጋቱ እውነት ነው፤ መድኃኒቱ ግን መቆለፍ አይደለም። በአሮጌው ጌም አንዲት ነጠላ ሰረዝ ስትጎድል ፕሮግራሙ ምንም ሳይል ሊዘጋ ይችላል። ተከታዩ ስህተቱ በየትኛው ፋይልና መስመር እንዳለ የሚናገር መፈተሻ ይዞ ቢመጣ የብዙ ሌሊት ድካም ይቀራል።

ሞድ ሠሪዎች ለዚህ ሁሉ ያለ ክፍያ የሚደክሙበት ምክንያት ከጨዋታው ያልፋል። ዜና መዋዕል «እጅግ ብዙ ሠራዊት» ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ፋይል ግን «እጅግ ብዙ» የሚባል ቁጥር አይቀበልም። ስንት ሰው፣ ምን እየበላ፣ በየትኛው መንገድ፣ በስንት ቀን ብሎ ይጠይቃል። ለእያንዳንዱ ባዶ መስመር መልስ ፍለጋ የሚያነብ ሰው ታሪክን በትምህርት ቤት ካገኘው በተለየ መንገድ ያውቃል፤ ያላወቀውንም ለይቶ ያውቃል። የተቆለፈ መስመር ይህን ጥያቄ ከነመልሱ ስለሚዘጋ፣ ከተከታዩ ጌም የሚጠበቀው የመጀመሪያው ነገር አምራቹ በግምት የሞላውን ቁጥር ሁሉ ለአንባቢ ክፍት አድርጎ መተው ነው።