እንግዳን ዳገት ማውጣት፣ ወንዝ ማውረድ

ሰሜን ተራሮች ላይ እንግዳ የሚመራ ሰው የመጀመሪያውን ሰዓት ሆን ብሎ ማዝገም አለበት። ከሳንቃበር ወደ ግጭ ስንነሳ እንግዶቹ በልተዋል፣ ጠጥተዋል፣ ፀሐዩም ገና አልጠነከረም። ገደሉና ከገደሉ ማዶ ያሉት አምባዎች ፊታቸው ተዘርግተው እግራቸው አላስቆም ይላቸዋል። የመሪው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኔ ታጣቂ አጃቢያችንን፣ ስካውቱን፣ ከፊት አስቀድሜ «ጋሼ፣ ዛሬ ቀስ ብለው ይውሰዱልን» እላቸዋለሁ። ያገሩ ሰው ናቸው፤ ክላሻቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ በላስቲክ ጫማ፣ ግጭን ሳያርፉ መድረስ ይችላሉ። ግን ነገሩ ይገባቸዋልና እርምጃቸውን ያሳጥራሉ። ከኋላቸው ያለው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ያሳጥራል።

እኔ ከመጨረሻው ሰው ጎን ነኝ። ጀማሪ አስጎብኚዎች ከፊት መሆን ይወዳሉ፤ ጠንካሮቹ እንግዶች እዚያ ናቸው፣ ጥያቄውና ጨዋታው ያለው እዚያ ነው። ችግሩ ግን ሁልጊዜ የሚነሳው ከጭራው ነው። እያወራ መውጣት ያቃተው ሰው ከአቅሙ በላይ እየሄደ ነው፤ ይህን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ስለ ልጆቹ መጠየቅ ይበቃል። ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ትንፋሽ ከቆረጠው ጉዞው ይቀዘቅዛል። ዕረፍትም የራሱ ሥርዓት አለው። ፊት የደረሱት ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ የዘገየው ሲደርስ «በሉ እንሂድ» ብለው ይነሳሉ። እንዲህ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ያረፈው ማረፍ የማያስፈልገው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ሰው ደርሶ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ማንም ቦርሳውን አያነሳም። ይህን ሕግ ጠዋት ደባርቅ ላይ እናገራለሁ፤ ዳገት ላይ ሲነገር የዘገየውን ሰው ያሳፍረዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ አየሩ ነው። አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቦታ 21 በመቶ ገደማ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። ራስ ደጀን አናት ላይ፣ 4,550 ሜትር ከፍታ፣ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሰውነት ይህን ይለምዳል፤ የሚለምደው ግን በሌሊቶች ብዛት እንጂ በጉልበት አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደረስ የማደሪያውን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ በዓለም ሁሉ ያሉ የተራራ ሐኪሞች የሚመክሩት ነው።

የሚገርመኝ ተራራው ራሱ ለዚህ ተደርድሮ መቀመጡ ነው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600። ከግጭ ወደ ጨነቅ የሚሄደው የእግር መንገድ በ3,926 ሜትሩ እሜት ጎጎ በኩል ከፍ ያደርግና ማታ 3,620 ላይ ያሳድራል። በማግስቱ የቧሂትን መተላለፊያ ከ4,200 ሜትር በላይ ያሻግርና እስከ መሸሃ ወንዝ፣ እስከ 2,800 ገደማ፣ ያወርዳል። ማደሪያው አምቢቆ 3,200 ላይ ነው። ቀን ከፍ ብሎ ሰውነትን ማስለመድ፣ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር፤ ከዚህ የተሻለ መሰላል በእጃችን ብንሠራ አይሆንልንም ነበር።

ታዲያ ይህን መሰላል የሚያፈርሰው የመኪና መንገዱ ነው። መንገዱ ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበርን አልፎ ጨነቅ ይደርሳል። ጠዋት ጎንደር ላይ፣ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ቁርሱን የበላ እንግዳ ማታ ጨነቅ ድንኳን ውስጥ ይተኛል። ጊዜ ይቆጥባል፣ ዋጋ ይቀንሳል፣ ጭላዳውንም ዋልያውንም በአንድ ቀን ያሳያል ተብሎ ይሸጣል። ሌሊቱን ራሱን ይዞ የሚያድረው ግን እንግዳው ነው፤ ከጎኑ የሚቀመጠውም አስጎብኚው። ፕሮግራሙን ያወጣው ሰው ከተማ ነው።

የከፍታ በሽታ ሲጀምር ራስ ምታት ነው። ከዚያ ምግብ ማስጠላት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣት። ሰው ይህን ይደብቃል፤ ብዙ ከፍሎ መጥቷል፣ ጓደኞቹን ማስቀረት አይፈልግም። እኔ የምጠይቀው ወጥ ቤቱን ነው። ጨነቅ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ ምስር ከሌሊቱ ካልተዘፈዘፈ ቶሎ አይበስልም፣ ፓስታም ዱቄት ዱቄት ይላል፤ ይህን የሚያውቅ ጎበዝ ወጥ ቤት ትኩስ ሾርባ አስቀድሞ ያቀርባል። እንግዳ ሁሉንም ነገር ቢተው ሾርባ አይተውም። ሾርባው ሳይነካ የተመለሰበት ድንኳን ካለ ወጥ ቤቱ መጥቶ ይነግረኛል። ከእንግዳው አፍ ይልቅ ሳህኑን አምናለሁ።

አንድ ጊዜ ከአሜሪካ ከልጆቻቸው ጋር የመጡ ጎንደሬ ነበሩ። ልጆቻቸውን ያደጉበትን አገር ሊያሳዩ ነው የመጡት። ማታ አልበሉም። ስጠይቃቸው «እኔ እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ፣ ከፍታ እኔን ምን ያደርገኛል?» አሉ። «ጋሼ፣ ትውልድዎ እዚህ ነው፤ ትንፋሽዎ ግን ሃያ ዓመት የለመደው ሜሪላንድን ነው» አልኳቸው። አባባሌ ቅር አላሰኛቸውም፤ እውነትም ነው። ሰውነት የለመደውን ከፍታ ዝቅ ብሎ በኖረ በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። በጠፍጣፋ መሬት ላይ ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያገጣጠሙ ጥቂት እርምጃ እንዲሄዱ አደረግኋቸው፤ ቀጥ ብለው ሄዱ። ቢንገዳገዱ ኖሮ፣ ወይም ንግግራቸው ቢደናገር፣ ወይም ተቀምጠው ሳለ ትንፋሽ ቢያጥራቸው፣ ያኔ ንጋትን መጠበቅ የለም፤ በዚያው ሌሊት መውረድ ነው። እሳቸው ጠዋት ወደ ሳንቃበር ወረዱ። በሁለተኛው ቀን ልጆቻቸው ከእሜት ጎጎ ሲመለሱ ቆመው ተቀበሏቸው።

ተራራ ለዚህ ጊዜ ይሰጣል። ስህተት ቢኖር ምልክቱ ማታ ይታያል፣ መንገዱም ወደ ታች ክፍት ነው። ወንዝ እንዲህ አይደለም።

የመሸሃ ውሃ ተከዜ ይገባል፤ ከተራራው ሥር ያለው ገበሬ ደግሞ ውሃ ማንበብ ያውቃል። ሰማዩ እዚህ ጠርቶ ሳለ ወንዙ በድንገት ቀለሙን ከለወጠ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ ማምጣት ከጀመረ፣ የእርጥብ አፈር ሽታ ካለው፣ ላይኛው አገር ዘንቧል፤ ደራሽ እየመጣ ነው። በቅሎ ነጂዎቻችን ይህን ሲያዩ ጭነቱን አራግፈው ይቀመጣሉ እንጂ አይሻገሩም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው በከንቱ አይደለም። በጎማ ጀልባ የሚወርድ መሪም የሚማረው መጀመሪያ ይህንኑ ነው።

አገራችን በዚህ ሙያ ታሪክ አላት። በ1968 እ.ኤ.አ. በብሪታንያዊው ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው ቡድን በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ ዐባይን በጀልባ አሰሰ፤ አንድ አባላቸውም ውሃ ወስዶት ቀረ። በ1973 ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ ኦሞን ወረዱ፤ የመሠረቱትንም ድርጅት ሶቤክ አሉት፣ በግብፃውያኑ የአዞ አምላክ ስም። በኋላ በዓለም ዙሪያ ወንዞችን ያስጎበኘ ትልቅ ድርጅት ሆነ። በ2004 ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከዐባይ ምንጭ ተነስተው ሜዲትራኒያን ደረሱ። እኛ አገር እንግዶች የሚሄዱበት ዋናው የወንዝ ጉዞ ግን ኦሞ ነበር። ክረምቱ ሲያበቃ፣ ውሃው ገና ሳይጎድል፣ በጅማ መንገድ ካለው የጊቤ ድልድይ ሥር ይጀመር ነበር።

የወንዝ መሪ ሙያ ያለው ዳር ላይ ነው። የራፒዱ፣ ውሃው በድንጋይ መካከል የሚፈጥንበት ቦታ፣ ድምፅ ሲሰማ ጀልባው ከዳር ይታሰራል፣ መሪው ድንጋይ ለድንጋይ ወርዶ ውሃውን ያያል። ሁለት ድንጋዮች መካከል ውሃው ጠርቶ፣ ጫፉ ወደ ታች ሾሎ ከታየ በር ነው፤ እዚያ ይገባል። ጫፉ ወደ ላይ ከሾለ እዚያ ሥር ድንጋይ አለ። ለስልሶ እንደ ጉብታ ብድግ ብሎ ከኋላው ነጭ አረፋ የሚደፍቅ ከሆነ ውሃው ወደ ራሱ የሚጠመዘዝበት ጉድጓድ ነው፤ ጀልባንም ሰውንም ይይዛል። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውሃው ወደ ላይ የሚመለስበት ጸጥተኛ ቦታ አለ፤ ማረፊያ እሱ ነው። ዓለም አቀፉ መለኪያ ራፒድን ከ1 እስከ 6 ይከፍላል፤ ነገር ግን ያው ራፒድ ውሃው ግማሽ ክንድ ሲጨምር ሌላ ራፒድ ይሆናል። ስለዚህ ማታ በውሃው ጠርዝ ላይ እንጨት እንተክላለን። ጠዋት እንጨቱ ውሃ ውስጥ ከገባ የትናንቱ እቅድ አይሠራም።

ጸጥ ያለው ውሃም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ኦሞ ላይ ጉማሬ በጥልቁ ኩሬ ውስጥ ይተኛል፣ ጀልባ ድንገት ከላዩ ሲደርስ ይደነግጣል። በመቅዘፊያ ውሃውን እየመታን፣ እየተጣራን፣ ጥልቁን ለሱ ትተን በዳር እናልፋለን። እንግዶች የሚፈሩት አዞውን ነው፤ እኔ ይበልጥ የምጠነቀቀው ጉማሬውን ነው።

እዚህ ላይ የመሪው ጠባይ መለወጥ አለበት። ተራራ ላይ ዝምተኛ የሆነ ሰው ጥሩ መሪ ነው፤ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ያግባባል። ጀልባ ላይ ድምፁ አንድ ነው፣ አጭርም ነው፤ «ቅዘፉ!»፣ «ወደ ኋላ!»፣ «ያዙ!» ምክር የለም። እንግዳው ትእዛዙን ራፒድ ውስጥ ከሰማው ዘግይቷል፤ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ እጁ እስኪለምደው ተደጋግሞ መሰልጠን አለበት። ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በጀርባው ተንሳፍፎ እግሩን ወደ ታችኛው ውሃ እንዲዘረጋ፣ ጥልቀቱ ጉልበት እንኳ ቢሆን ለመቆም እንዳይሞክር፣ ይህ በየጠዋቱ ይነገራል። ቆሞ እግሩ በድንጋይ መካከል ከተያዘ ውሃው ከላዩ ይገፋውና ይደፋዋል፤ ጥልቀት የሌለው ውሃ የሚገድለው በዚህ ነው። ላይፍ ጃኬቱን የማጠብቀው እኔ ራሴ ነኝ። በትከሻው ይዤ ወደ ላይ እስበዋለሁ፤ ወደ ጆሮው ከወጣ እንደገና ይታሰራል። ለትልቅ ሰውም፣ ለባለሥልጣንም።

ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ሳያቸው ዳር ላይ ያለው ውሳኔና ደባርቅ ላይ የሚወጣው ፕሮግራም አንድ ናቸው እላለሁ። ጎበዝ መሪ የሚባለው ከአደጋ የሚያወጣ ሰው ነው የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። ጉዞው ላይ ጀግንነት የሚያስፈልግ ከሆነ መሪው አስቀድሞ ሊወስነው ይገባ የነበረ ነገር ሳይወሰን ቀርቷል ማለት ነው። ውሳኔው ጊዜ ባለበት ቦታ መደረግ አለበት፤ ለወንዝ ዳር ላይ፣ ለተራራ ከመነሳት ቀናት በፊት።

ጊቤ ሦስት፣ ቁመቱ 243 ሜትር የሆነው የኦሞ ግድብ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተመርቋል። የድሮው የኦሞ ጉዞ ሰፊ ክፍል ዛሬ ሐይቅ ነው። ተከዜም በ2009 የተጠናቀቀ 188 ሜትር ግድብ አለው። መብራቱ ለአገር ያስፈልጋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። የሚቆጨኝ ከነዚያ የኦሞ ዓመታት የተረፈን የወንዝ መሪዎች ትምህርት ቤት አለመኖሩ ነው። ሙያው ከውጭ ሰዎች ጋር መጣ፣ ብዙው ከነሱ ጋር ሄደ። ሰሜን ተራሮች ላይ ደግሞ የሰሜኑ ጦርነትና ከዚያ በኋላ የመጣው አለመረጋጋት እንግዳውን ቀንሷል፤ መንገዱን በጨለማ የሚያውቁ አስጎብኚዎችና ወጥ ቤቶች ወደ እርሻና ወደ ከተማ ሥራ ገብተዋል። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው፤ ከነዚህ ሰዎች ውጭ ግን የሚያሳየው የለም። እንግዳ ሲመለስ ዕውቀታቸው እንዲጠብቀው ካስፈለገ ወጣቶቹ ዛሬ ከነሱ ጋር መውጣት አለባቸው፤ እንግዳ ባይኖርም።

የሰሜን ተራሮችን ጉዞ የምታቅዱና የምትሸጡ ሁሉ፣ ከጎንደር ጨነቅ በአንድ ቀን የሚለውን መስመር ከፕሮግራማችሁ ሰርዙ፤ ሳንቃበር ላይ አንድ ሌሊት ጨምሩ። ለመሄድ የምታስቡም ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የመጀመሪያውን ሌሊት በስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደምታድሩ ጠይቁ። መልሱን የማያውቅ ሰው ከሆነ የሚሸጥላችሁ፣ ሌላ ፈልጉ።